ማርያምን ያላልኩበት መልስ

በ2013 ዓ.ም. ክረምት፣ ፍልሰታ በገባ በአራተኛው ቀን፣ ሱሉልታ ካለው ቤቴ ወሰዱኝ። ሦስት ሆነው መጡ። ሁለቱ ዝናቡን ሸሽተው ከጣሪያው ሥር ቆሙ፤ አንዱ ገብቶ የልጄን ክፍል አየ። አልጋው ተነጥፏል። መጻሕፍቱ እንዳሉ ናቸው።

«የት ሄደ?» አለኝ።

«ወጥቷል።»

«እንግዲያው እሱ እስኪመጣ አንቺ ትመጫለሽ።»

ለዘጠኝ ሰዓት የጣድኩት ሽሮ ነበር። ከእሳቱ ላውርደው ስለው ቆሞ ጠበቀኝ። ለዚህ አመሰግነዋለሁ፤ ቤቱ ሊቃጠል ይችል ነበር።

ልጄ መምህር ነው። ስሙ ከሚፈለጉት መካከል እንዳለ ሰምተን ከሦስት ቀን በፊት ከቤት ወጥቶ ነበር። ምን ተናገረ፣ ማን ተቀየመ የሚለውን እዚህ አላነሳም። የት እንደተጠለለ የምናውቀው እኔና ያስጠለለው ሰው ብቻ ነበርን። ቦታውን ዛሬም አልጽፈውም። ያ ሰው እዚያው ነው የሚኖረው።

መኪናው እንጦጦን ወርዶ ከተማውን በዳር በዳር ዞረ። ቡራዩ ላይ ቆመው አንዲት ሴት ጨመሩ። ወፈር ያለች፣ የልብስ ሱቅ ያላት ሴት ናት። ከሱቋ ጀርባ ያለውን ክፍል ያከራየችው ሰው ይፈለግ ነበር፤ እሱን ሲያጡት እሷን ያዙ። ከጎኔ ተቀመጠችና እግሯን አየች።

«በነጠላ ጫማ ነው እኮ ያወጡኝ» አለች። «የምንሄድበት ሰው ምን ይለኛል?»

ሹፌሩ ሞተሩን አስነሣ።

ሰበታ ስንደርስ ጣቢያው ሞልቷል ተባለና የከብት መኖ መጋዘን ወደነበረ ቤት ወሰዱን። በር ላይ ያለችው ጠባቂ መቀነቴንና የፀጉር ማስያዣዬን ተቀበለችኝ። ማተቤን በጣቷ ነካ አድርጋ ተወችው። በሩ ሲከፈት ከሰዎቹ በፊት የመጣው ሽታው ነው። ፋጉሎ። ኑግ ተጨምቆ ለላም የሚቀረው። እኔ ከገበሬ ሚስቶች ቅቤ ተቀብዬ የምሸጥ ነኝ፤ በየግቢያቸው ስገባ የሚቀበለኝ ይህ ሽታ ነው። ሃያ ዓመት የኖርኩበትን ሽታ እዚያ ጨለማ ውስጥ ሳገኘው አፍንጫዬን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

ከእኛ ጋር አሥራ አንድ ሆንን። ሲሚንቶው ላይ ጆንያ ተነጥፏል። ከፍ ብሎ አንድ መስኮት አለ፤ በላስቲክ ተሸፍኗል። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ሌላ ድምፅ አያስገባም። የሰው አፍ ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ቃሉ አይሰማም።

ከአሥራ አንዳችን ስለ ሁለቱ ልናገር።

አንዷ ከደቡብ መጥታ በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የምትሠራ ልጅ ናት። ከሌሎች ሴቶች ጋር በደባልነት የምትኖርበት ቤት ሲፈተሽ ያለውን ሁሉ ሰብስበው አመጡ፤ ሌሎቹ ተለቀቁ፣ እሷ ቀረች። ለምን እንደሆነ አይነግሯትም። ጴንጤ ናት። ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ ጮክ ብላ ትጸልያለች። የቡራዩዋ በሦስተኛው ቀን አላስቻላትም።

«አንቺ ልጅ፣ ጌታ ደንቆሮ ነው እንዴ?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ቀስ በያ። እሱ ባይተኛም እኛ እንተኛለን።»

ሁለተኛዋ ከሆለታ በኩል የመጡ የገበሬ ሚስት ናቸው፤ ሁላችንም አዴ እንላቸዋለን፣ በኦሮምኛ እናት እንደማለት ነው። ከቀሚሳቸው በላይ የወንድ ኮት ይለብሳሉ። እጅጌው ጣታቸውን ይሸፍናል። ሲሞቅም አያወልቁትም። ጠዋት ጠዋት ከጥግ ተነሥተው በየተራ «አካም ቡልቴ» ይሉናል፤ እንዴት አደርሽ ማለታቸው ነው። ሁላችንንም ሳያዳርሱ አይቀመጡም። ከዚያ ውጭ አይናገሩም። በልጃቸው ምክንያት እንደተያዙ ብቻ እናውቃለን።

እንደዚህ ስምንት ቀን ሆነ። እኔና የቡራዩዋ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንጾማለን። እህቷ የምትልክላትን ምሳ እዚያው ለሁሉም ታካፍላለች። «ብሉ፣ ብሉ፣ እኔ መክሳት አለብኝ» ትላለች። ከሱሉልታ ለእኔ የሚመጣ ሰው አልነበረም። በእሷ እጅ በላሁ። እግዚአብሔር ይስጣት።

ስምንቱንም ቀን ለመንኩ። የለመንኩት አንድ ነገር ነው፤ ልጄ እንዳይገኝ። ድምፄን አላወጣም። መልስ የሚመስል ነገር ግን አልመጣም፤ ሰላም የሚሉት ስሜት እንኳ። በፊት ስጸልይ የሚሰማኝ የሆነ ሙቀት ነበረ። እዚያ ሲሚንቶው ብቻ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ተጠራሁ።

መርማሪው የልጄ እኩያ ቢሆን ነው። ጠረጴዛው ላይ ደብተርና የሻይ ፔርሙዝ አለ። ጫማው ጭቃ ነክቶታል። አንገቱ ላይ እንደ እኔው ጥቁር ማተብ አለ።

«ይቀመጡ እናቴ» አለኝ። ሻይ ቀዳ። «ውይ፣ ረሳሁት፤ ፍልሰታ ነው» ብሎ ብርጭቆውን ወደ ራሱ ሳበ። «እናቴም እስከ ዘጠኝ ውሃ አትቀምስም።»

ከዚያ በፊት የሚጮኹ ሰዎች አይቼ ነበር። የሚጮኸው ቀላል ነው። እርስዎ የሚለኝ አስፈራኝ።

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ቅቤ እሸጣለሁ።»

«ንጹሕ ነው?» አለ ፈገግ ብሎ።

«ማርያምን ንጹሕ ነው።»

«ስንት ልጅ አለዎት?»

«እሱ ብቻ። ማርያምን ሌላ የለኝም።»

«ቤትዎ ውስጥ ሰው ሰብስቦ ያውቃል?»

«ማርያምን አያውቅም። ጓደኞቹ ቢመጡ ምሳ በልተው ነው የሚሄዱት።»

«ከውጭ አገር የሚደውልለት ሰው አለ?»

«ማርያምን እኔ የማውቀው የለም።»

«አሁን የት እንዳለ ያውቃሉ?»

«አላውቅም።»

እስከዚያ ድረስ የምለውን ሁሉ እየጻፈ ነበር። ይህን አልጻፈውም። እስክሪብቶውን ደብተሩ ላይ አስቀመጠ። ሻይውን ጨረሰ።

«ሌላ ሰው ቢሆን አያስተውለውም» አለኝ። «እኔ ግን እንደ እርስዎ ያለች እናት ናት ያሳደገችኝ። ለሁሉ ነገር ማርያምን ትላለች። ስትዋሽ ግን አትምልም። ልጅ ሆኜ ‹ስኳሩ አልቋል› ካለችኝ ሄጄ እፈልገዋለሁ፤ አገኘዋለሁም። ‹ማርያምን አልቋል› ካለችኝ ነው ያለቀው።»

ዓይኔን ከደብተሩ ላይ አላነሣሁም።

«አሁን ባስምልዎት ይደነግጣሉ» አለ። «ነገ ጠዋት እጠራዎታለሁ። ያቺን መልስ ማርያምን ብለው ይደግሙልኛል። ካሉኝ አምኜ ቤትዎ እልክዎታለሁ፤ ልጅዎንም በእርስዎ በኩል አልፈልገውም። ካላሉኝ ግን ያውቃሉ ማለት ነው። የሚያውቅ ሰው እኔ ጋ አይቆይም። ለሌሎቹ ነው የማስተላልፈው።»

ሌሎቹ እነማን እንደሆኑ አልጠየቅኩም። ከክፍላችን ሁለት ሴቶች ወደ ሌሎቹ ተላልፈው ነበር። ጆንያቸው ባዶውን አለ፤ ማንም አይተኛበትም።

ስመለስ የቡራዩዋ ቦታ ለቀቀችልኝ። «ምን አለሽ እህቴ?» አለች። ነገርኳት። ጭኗን በእጇ መታች።

«ይኸው ነው? ማርያምን ብሎ መውጣት? እኔ ምን ጉድ ሊያመጣ ነው ብዬ!»

«እንዴት እላለሁ?»

«በአፍሽ! እኔ ሱቄ ውስጥ በቀን ስንት ጊዜ ገብርኤልን እንደምል ታውቂያለሽ? ‹ገብርኤልን ከዚህ አይወርድም።› ‹ገብርኤልን ትናንት የገባ ነው፣ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።› አንድ ቀን ተቆጥቶኝ አያውቅም።»

የፋብሪካዋ ልጅ ከጥጓ፣ «እዚህ ታዲያ እንዴት ገቡ?» አለች።

ሴቶቹ ሳቁ። የቡራዩዋ ራሷ ሳቀች። «ዝም በይ አንቺ! አንቺስ ሳትምዪ ገብተሽ የለ?»

ልጅቷ አቀረቀረች። «እኛ ጋ መማል የለም፤ አዎ ነው ወይም አይደለም ነው» ብቻ አለች፣ ቀስ ብላ።

የቡራዩዋ ወደ እኔ ዞረች። አሁን አትቀልድም ነበር። «ስሚኝ። ስትወጪ የንስሐ አባትሽ ጋ ትሄጃለሽ። ስግደት ይሰጡሻል፤ ጉልበትሽ ደህና ነው፣ ትሰግጃለሽ። እሷስ እናት አይደለች? የልጅ ነገር እንዴት እንደሆነ ለእሷ ልትነግሪያት ነው?»

ይህ ቃል ገባኝ። ዛሬም ድረስ ስህተት ነው አልልም።

ያን ጊዜ አዴ ከጥጋቸው ተናገሩ። በስምንት ቀን ከሰላምታ ሌላ የሰማነው የመጀመሪያ ቃላቸው ነው።

«ያ ልጅ እኔንም ጠርቶኝ ነበር» አሉ። «ሻይ ሰጠኝ። ልጅሽን ሁለት ጥያቄ ጠይቄ እለቀዋለሁ አለኝ። ማልልኝ አልኩት። ማተቡን ያዘና ማርያምን አለ። ነገርኩት።»



«ከዚያስ አዴ?» አለች የቡራዩዋ።

የኮቱን እጅጌ በሌላው እጃቸው ለስለስ አድርገው ዳበሱት። «ይህን አመጡልኝ» አሉ። «ለብሶት ነበር የሄደው።»

ያ ቀን ከዚያ በኋላ ለእኔ ረጅም ሆነ።

ለምን ታምኛለሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። ሱሉልታ ሰው እንዲህ አይጠያየቅም። ያን ከሰዓት በኋላ ግን ራሴን ጠየቅኩ፤ ያገኘሁትም አንድ ነገር ብቻ ነው።

ባሌ የሞተ ዓመት ነው። ልጄ ገና ፊደል አልጨረሰም። አንድ ቀን የተቀበልኩትን ቅቤ ከተጠቀለለበት ኮባ ፈትቼ ሳየው ላዩ ለጋ ነው፤ ውስጡ ሌላ ነገር ተቀላቅሎበታል። ያለኝ እሱ ብቻ ነበር። አንዲት ደንበኛዬ መጣች። በጣቷ ነካ አድርጋ አሸተተች። «እስቲ ማርያምን በይ» አለችኝ፣ ገበያ ላይ እንደምንባባለው። አፌን ከፈትኩ። ቃሉ አልወጣም።  ሴትዮዋ አየችኝ፤ ጣቷን በኮባው ጠርጋ ሄደች። ቅቤውን ደፋሁት። እኔና ልጄ ያን ሳምንት እንዴት እንደከረምን አልጽፍም። በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። «ያልማልሽ ዕለት ነው ያመንኩሽ» አለችኝ፤ እስክትሞት ድረስ ከእኔ ሌላ አልገዛችም።

ይህ ተአምር አይደለም። ጉሮሮሽ ደርቆ ነው የሚለኝ ካለ አልከራከረውም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስናገር የሚሰማ አለ ብዬ ኖርኩ። እምነቴ ይህን ያህል ነው። ቅዳሴው፣ ጾሙ፣ ስግደቱ የቆሙት በዚህች ላይ ነው።

አሁን ይህችው እምነቴ ልጄን አሳልፋ ልትሰጠው ነው። ለሃያ ዓመት በሐሰት ባለመማሌ ያ መርማሪ በአንዲት ቃል ጉድለት አወቀኝ። እንደ የቡራዩዋ ብሆን ኖሮ አያውቀኝም ነበር። እሱ ደግሞ በዚያው ስም በሐሰት ምሎ የአዴን ልጅ ወሰደ፤ ሻይውን እየጠጣ ተቀምጧል። አንገቱ ላይ ያለው ማተብ አላቃጠለውም። ለምን ይህን ሰው ዝም ትለዋለህ አልኩ። 

እንዲህ አሰብኩ። የሚሰማ ከሌለ ማርያምን የሚለው ቃል ትንፋሽ ነው። ትንፋሽ አውጥቼ ቤቴ እገባለሁ፤ ልጄም ይተርፋል። የሚሰማ ካለ ግን አልችልም። እና በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ባይኖር ብዬ ተመኘሁ። እንዳይኖር ልለምነው ምንም አልቀረኝ። ማንን ነበር የምለምነው?

ቀኑ እየደበዘዘ ሲሄድ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ልሞክረው ብዬ ነው። እንደዚያ ቀን ጉሮሮዬ ቢዘጋ ቢያንስ አውቅ ነበር። በሹክሹክታ፣ ሲሚንቶውን እያየሁ፣ «ማርያምን አላውቅም» አልኩ።

ወጣ። እንደ ማንኛውም ቃል ወጣ። ደገምኩት። ሁለተኛው ጊዜ ከመጀመሪያው ይልቅ ለሰለሰ።

ምንም አልሆነም። ከዚህ የከፋ ነገር በዚያ ቤት አልደረሰብኝም፤ ሌሎቹ ጋ የደረሰብኝንም ጨምሬ ነው። ሃያ ዓመት ከአጠገቤ ቆሟል ያልኩት ቦታ ባዶ ሆነ።

ያን ጊዜ ከውጭ ተኩስ ጮኸ። አንድ፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ተከታትሎ። ሁላችንም መሬት ላይ ተደፋን። የቡራዩዋ ጭንቅላቴን በክንዷ ሸፈነችው። የፋብሪካዋ ልጅ የጌታን ስም ጠራች። እኔ ለእኔ ነው የመጣው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

እንደገና ጮኸ። ከኋላው የልጆች ሳቅ ተሰማ።

የቡራዩዋ ቀና አለች። «ቆይ፣ ዛሬ ስንት ነው?» አለች። በጣቷ ቆጠረች። «ኧረ ጉድ! አሥራ ሁለት ነው! የቡሄ ጅራፍ ነው!»

የዚያን ዓይነት ሳቅ ከዚያ በኋላ ሰምቼ አላውቅም። ጠባቂዋ በሩን ደብድባ ዝም በሉ አለች፤ አልቻልንም። የቡራዩዋ እንባዋን እየጠረገች፣ «ለጅራፍ ሰገድን! ለጅራፍ!» ትል ነበር። አዴ እንኳ አፋቸውን በኮቱ እጅጌ ይዘዋል። እኔ ብቻ አልሳቅሁም። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ምልክት ነው ይል ይሆናል። እኔ አልልም። ጅራፍ ነበር። በየዓመቱ በዚያች ቀን ለልጄ ሙልሙል እጋግር ነበር፤ ያሰብኩት እሱን ነው።

ሁሉም ሲረጋጋ የፋብሪካዋ ልጅ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። ወደ ግድግዳው ዞሬ ያልኩትን ሰምታ ነበር።

«እትዬ፣ ልጸልይልዎት?» አለች።

«ትጮኺያለሽ።»

«አልጮኽም።»

 ቆይታ፣ «የምጮኸው ለምን እንደሆነ ልንገርዎት?» አለች። «እዚህ ከገባሁ ወዲህ አይሰማኝም። ምንም። ድምፄን ካላወጣሁ ራሴም ያቆምኩ ይመስለኛል።»

ዘጠኝ ቀን ሙሉ እምነቷ ከእኔ የበለጠ መስሎኝ ነበር። በልቤ ቀንቼባትም ነበር።

«እኔ ደግሞ ዝም የምለው የሚሰማ መስሎኝ ነበር» አልኳት።

«አሁንስ?»

«አላውቅም።»

ይህችን አላውቅም ስል ማርያምን አላልኩም። እውነት ነበረች፤ ግን አፌ አልደፈረም። እሷ አላስተዋለችውም። እኔ አስተዋልኩት። በሌለ ሰው ፊት ሰው እንዲህ አይጠነቀቅም ብዬ አሰብኩ። መልስ አይደለም። ያደርኩት ግን በዚያች ሐሳብ ነው።

ዛሬ ሱሉልታ ነኝ። የወጣሁት በኅዳር ነው። ስለ ሌሎቹ አልጽፍም። ግራ እጄ ከትከሻዬ በላይ አይነሳም፤ ለመመዘንም ለማማተብም ቀኙ ይበቃኛል። ልጄ በሕይወት አለ። ይህን ዓረፍተ ነገር መጻፍ የማይችሉ እናቶች ስላሉ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው።

የቡራዩዋ በየበዓሉ ትደውላለች፤ መክሳት አልቻልኩም ትላለች። የፋብሪካዋ ልጅ አገሯ ገባች። አዴን አላገኘኋቸውም። በሆለታ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር ከቀሚስ በላይ ኮት የለበሰች ሴት ሳይ መኪናው ውስጥ እነሣለሁ።

የሚሰማ አለ ብዬ መኖሬን አልተውኩም። አንዳንድ ቀን አጥብቄ፣ አንዳንድ ቀን ላላ አድርጌ እይዘዋለሁ። ያ መርማሪ ለምን እንዳልተቀጣ አልተነገረኝም። የአዴ ልጅ ለምን፣ የእኔ ልጅ ለምን እንዳልሆነ አልተነገረኝም። በቅዳሴ መካከል ይህ ጥያቄ ይመጣብኛል፤ አላባርረውም፣ አብሮኝ ይቆማል። ሰዎች ያን ጠዋት ያደረግኩትን ሲሰሙ እንዴት ያለ እምነት ነው ይሉኛል። እምነት ነበር ብል በሐሰት መማል ነው። ይሰማል ብዬ አይደለም ያደረግኩት። ምናልባት ቢሰማ ብዬ ነው። ያመነችኝ ያቺ ደንበኛዬም ትዝ ብላኝ ነው። መቀነቴን፣ ቤቴን፣ ቀኔን ወስደውብኝ ነበር። ያቺን ቃል ገና አልሰጠኋቸውም ነበር።

በዚያ በአሥረኛው ቀን ጠዋት አዴ ዞሩ። እኔ ጋ ሲደርሱ «አካም ቡልቴ» አሉኝ። ከዚያ ከወትሯቸው ውጭ ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ኢንተላ ኮ» አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው።

ከጀሪካኑ በእፍኜ ውሃ ወስጄ ፊቴን ታጠብኩ። ነጠላዬን አራግፌ ቤተ ክርስቲያን እንደምሄድ መስቀለኛ አጣፋሁት። የቡራዩዋ አየችኝ። ምን ልል እንደሆነ አልነገርኳትም፤ አልጠየቀችኝምም። ከራሷ ላይ ሻሿን ፈታ ወገቤ ላይ እንደ መቀነት አሰረችልኝ። «እንደ ሰው ሂጂ» አለች።

መርማሪው ተነሥቶ ተቀበለኝ። ደብረ ታቦር ነበርና፣ «እንኳን አደረስዎ እናቴ» አለ።

«እንኳን አብሮ አደረሰን።»

ደብተሩን ገለጠ። የትናንቱ ገጽ ነው። ከጥያቄው ፊት ለፊት ያለው ቦታ ባዶ ነው።

«ልጅዎ የት እንዳለ ያውቃሉ?» አለኝ።

ማተቡን አየሁት። እጅጌው ጣት የሚሸፍነው ኮት ታየኝ። ሻሹን በእጄ ያዝኩ።

«ማርያምን አውቃለሁ» አልኩት።

እስክሪብቶው አልተንቀሳቀሰም።

«ማርያምን አልነግርህም፣ ልጄ።»

ወረቀቱን አየ። ቀና ሲል ፊቱ የመርማሪ ፊት አልነበረም።

«ምን ብዬ ነው ይህን የምጽፈው?» አለኝ።

«እንዳልኩህ ጻፈው» አልኩት።